እንደራሴው ድንጋዩ ላይ

ማክሰኞ ጠዋት ሳይለስ ትዌይት የማተሚያ ቤቱን በር ከፍቶ ሲገባ ትኩስ የቀለም ሽታ አፍንጫውን መታው። ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ያለ ሽታ ሊኖር አይገባም። በሃርንዴል ከተማ የማተሚያ ፊደል እየለቀመ የሚደረድር፣ ፊደል ለቃሚ የሚባል ሰው ሰኞ ሥራ አይገባም፤ አባቱም አልገባም፣ አያቱም አልገባም። እሑድ የእግዜር ነው፣ ሰኞ የእነሱ። "ቅዱስ ሰኞ" ይሉታል፤ ጥቁር በሬ የሚባለው ቢራ ቤት ተሰብስበው ቀኑን ሙሉ ሲያከብሩት ይውላሉ። ይህን በዓል ለማስቀረት ያልሞከረ አሠሪ የለም፤ የተሳካለትም የለም። ስለዚህ ከቅዳሜ ጀምሮ ማተሚያው ቀዝቅዞ፣ ቀለሙ ደርቆ መገኘት ነበረበት።

ሳይለስ ቀና ብሎ አየ። ከጣሪያው ሥር በተዘረጉት ገመዶች ላይ እርጥብ ወረቀት ከዳር እስከ ዳር ተሰጥቷል። ባርኔጣውን እንኳ ሳያወልቅ አንዱን ጎትቶ አወረደና መስኮቱ ጋ ቆሞ አነበበ።

የሰው ስም ነው። ስም፣ ሙያ፣ መንደር። እስከዚህ ድረስ ያውቀዋል፤ ባለፈው ሳምንት እሱ ራሱና ባልደረቦቹ የለቀሙት ነው። ጌታቸው ሚስተር ሴፕቲመስ ሃሮፕ "የከተማው የነጋዴዎች ማውጫ ነው" ብሎ ጽሑፉን በመቀስ ቆራርጦ ለእያንዳንዳቸው አደላቸው። የሙያው ደንብ ነው፤ ረጅም ጽሑፍ ይቆራረጣል፣ ሁሉም የደረሰውን ቁራጭ ይለቅማል፣ ሙሉውን የሚያየው ጌታው ብቻ ነው። ማንም ምንም አልጠረጠረም። አሁን ግን ከስሞቹ ጎን ሁለት ዓምድ ተጨምሯል። በአንደኛው ራስጌ "ሃሮፕ" ይላል፤ በሁለተኛው ራስጌ "ካፒቴን ቬርነን" ይላል። ከየስሙ ፊት ለፊት፣ በአንዱ ዓምድ ውስጥ፣ አንዲት ጥቁር ነጥብ ተቀምጣለች።

የሳይለስ ጣት ሳያዝዘው ወደ ታች ወረደ። "ክላፍ፣ ኔድ። የእንጨት ጫማ ሠሪ። የታችኛው መንደር።" ነጥቧ ሃሮፕ በሚለው ሥር ናት።

"አንተ ውሻ!" አለ ሳይለስ ጮክ ብሎ። ቤቱ ውስጥ ማንም አልነበረም።

ኔድ ክላፍ የሳይለስ እህት የማርታ ባል ነው። ከእንጨት ጫማ እየጠረበ የሚኖር፣ ከመዶሻው በቀር ድምፁ የማይሰማ ሰው። የሚያድርበት ቤት፣ የሚሠራበት ደጃፍ፣ የጓሮዋ የጎመን መደብ ሳትቀር የአገሩ ባለርስት የሎርዱ ናት። በታችኛው መንደር እንደ እሱ የመምረጥ መብት ያላቸው የሎርዱ ተከራዮች ሠላሳ አንድ ናቸው። ምርጫ ሲደርስ መራጩ ከፍ ያለ ዳስ ላይ ይወጣና ስሙን ተናግሮ ድምፁን ለማን እንደሚሰጥ ሕዝብ እየሰማ በአፉ ይናገራል። ከሥር የሎርዱ ወኪል የሚስተር ደንስታን ጸሐፊ ደብተሩን ዘርግቶ ይጠብቃል። መብት የሚሉት እንግዲህ ይህን ነው፤ ያከራየህ ጌታ እየሰማህ የፈለግኸውን መምረጥ። ሎርዱ ደግሞ የሚፈልገው ግልጽ ነበር፤ የሃሮፕ ተፎካካሪ የሆነው ካፒቴን ቬርነን የወንድሙ ልጅ ነው።

ሃሮፕስ ማን ነው? የሳይለስ ጓደኛ ነው። በአሥራ አራት ዓመታቸው፣ በአንድ ቀን፣ እዚሁ ቤት ለሙያ ገቡ፤ አንድ አልጋ ላይ ተኙ፣ አንድ የአጃ ቂጣ ተካፈሉ። እጃቸው እኩል ነበር፤ ሃሮፕ ግን አፍ ነበረው። መንግሥት ድሀ እንዳያነብ ብሎ በጋዜጣ ላይ ቀረጥ በጣለ ጊዜ ሃሮፕ ቀረጥ ያልተከፈለበት ጋዜጣ አትሞ ስድስት ወር ታሰረ። ሳይለስም ታስሯል፤ ያውም ዘጠኝ ወር። የእሱን ግን ማንም አያስታውስም፤ ሲፈታ ንግግር አላደረገማ። ሃሮፕን ከወህኒ ቤቱ በር ላይ ነጋሪትና መለከት ተቀበለው። በዓመቱ የማተሚያ ቤቱን ባለቤት ልጅ አገባ፤ አማቱ ሲሞቱ ቤቱ የእሱ ሆነ። ከዚያ የከተማው ምክር ቤት አባል፣ ከዚያ ደግሞ ባለፈው ወር፣ በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ብልጫ፣ የሕዝብ እንደራሴ። ሃያ ዓመት ሙሉ የጮኸው አንድ ነገር ነው፤ "ድምፅ በምስጢር ይሰጥ!" አፉ ቅቤ መሆኑን ሳይለስ ድሮም ያውቃል። ልቡ ጩቤ መሆኑን ግን እስከዚያች ማክሰኞ አያውቅም ነበር።

ከምርጫው በፊት በነበረው እሑድ ሃሮፕ ከሳይለስ ጋር ኔድ ቤት መጥቶ ነበር። መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ በክት ሱሪው ቁጭ ብሎ ትንሿን ልጅ ጉልበቱ ላይ አስቀመጣት። ኔድ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ፣ "ሚስተር ሃሮፕ፣ ልቤስ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ግን ምርጫ ባለፈ ቁጥር ማን ለማን እንደመረጠ የሚያሳይ መዝገብ ይታተማል። የከተማው ሰው እየገዛ ጎረቤቱን ያይበታል። የሚያትሙት ደግሞ ሁልጊዜም እርስዎ ነዎት" አለው።

ሃሮፕ መጽሐፍ ቅዱስ አስመጣ። እጁን ጭኖ፣ "እኔ በሕይወት እያለሁ የአንድም መራጭ ስም ከእንግዲህ ከማተሚያዬ አይወጣም" ብሎ ማለ። ኔድ ግን አሁንም ዓይኑን ወደ ሳይለስ ዞር አደረገ።

"አንተስ ምን ትላለህ?"

"እኔ እመሰክርለታለሁ" አለ ሳይለስ። "ከልጅነቴ አውቀዋለሁ።"

በምርጫው ቀን የሆነው ደግሞ ከተማውን እስከ ዛሬ ያስቃል። ቀትር ላይ የታችኛው መንደር ጨርቅ ነካሪዎች የደንስታንን ጸሐፊ አንጠልጥለው ሰማያዊ ቀለም ያለበት በርሜል ውስጥ ከነደብተሩ ነከሩት። ሰውዬው ቅንድቡ ድረስ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፤ ደብተሩ አልወጣም። ከቀትር በኋላ ሠላሳ አንዱም ተከራዮች አንድ በአንድ ዳሱ ላይ ወጥተው "ሃሮፕ" አሉ። የምርጫው ዳኛ በመሐላ የያዘው መዝገብ ብቻ ቀረ፤ እሱም ካልታተመ የሎርዱ ዓይን አያርፍበትም። ያንን መዝገብ ነው እንግዲህ ሃሮፕ ሰኞ ዕለት፣ ሠራተኞቹ ቅዱስ ሰኞን ሲያከብሩ፣ ዓምዱን በገዛ እጁ ሠርቶ፣ ከሌላ ከተማ ባመጣው ሰው ያተመው።

ሠራተኞቹ አንድ በአንድ ገቡ፤ ከሳይለስ ጋር ስድስት ናቸው። ሳይለስ ለማንም ደህና አደራችሁ አላለም። የእንጨት መዶሻውን አንሥቶ የገጽ ማረሚያውን ድንጋይ ሦስት ጊዜ መታ።

ይህ ጥሪ ነው። የአታሚ ሠራተኞች ማኅበራቸውን "ጸሎት ቤት" ይሉታል፤ የሚጸለይበት ነገር ግን የለም። እያንዳንዱ ማተሚያ ቤት የራሱ ጸሎት ቤት አለው፤ መሪው "አባት" ይባላል፤ የሚሰጠው ፍርድ ይግባኝ የለውም። "ጸሎት ቤት አይሳሳትም" የሚል የቆየ ቃል አላቸው። የዚህ ቤት አባት ሳይለስ ነው።

"ምነው አባት፣ ገና ቢራው ከራሴ ሳይወጣ?" አለ ዊል ስፒንክ፤ የቤቱ ቀልደኛ ነው።

"አንብብ።" ሳይለስ ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፈለት።

ዊል አነበበ፤ ሳቁ ከፊቱ ላይ ተነነ። "ይቺን መስመር እኔ ነኝ የለቀምኳት" አለ ቀስ ብሎ። "'ሆልት፣ ጆዜፍ፣ ዳቦ ጋጋሪ።' ማውጫ ነው አለን እኮ!"

"የእኔም አለችበት" አለ ሌላው። "እኔ የራሴን አጎት ነው የለቀምኩት!"

ከገመዱ ላይ ወረቀቱን እየጎተቱ ማውረድ ጀመሩ። ማንም ምን እናድርግ ብሎ አልጠየቀም። ከጥጉ ወረቀት የሚያረጥቡበት ትልቅ ገንዳ አለ፤ ወረቀቱን እየጠቀለሉ እዚያ ውስጥ ደፈቁት፣ በክርናቸው ተጫኑት። ውሃው ጠቆረ። ሃሮፕ የገባው ይህን ጊዜ ነው።

ለለንደን ያሰፋውን አዲስ ካፖርት ለብሷል። በሩ ላይ ቆሞ የሚሠሩትን አየ። አልጮኸም። ጓንቱን ጣት በጣት አወለቀና ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"እንደምን አደራችሁ" አለ።

"ሴፕ፣ ይህ ምንድን ነው?" አለ ሳይለስ።

"የድምፅ መዝገብ ነው። ማንበብ አታውቅም?"

"ምለሃል! መጽሐፍ ይዘህ፣ የእህቴን ልጅ ጉልበትህ ላይ አስቀምጠህ ምለሃል!"

"ሳይለስ፣ ወንድሜ፣ እኔ ባላትመው ማዶ ያለው አታሚ ክራግ ያትመው ነበር።"

"መዝገቡ ያለው አንተ እጅ ነው እንጂ ክራግ እጅ አይደለም! ዳኛው የሰጠው ላንተ ነው። ልትቆልፍበት አትችልም ነበር? ደንስታንን ገደል ግባ ልትለው አትችልም ነበር?"

"የተከበሩ ሚስተር ሃሮፕ" አለ ዊል ስፒንክ ባርኔጣውን ከፍ አድርጎ እየሰገደ፣ "ማውጫ ነው ብለውን ነበር። ለመሆኑ የምን ማውጫ ነው? ከቤት ማውጫ?"

አንድ ሁለቱ ሳቁ። ሃሮፕ አልሳቀም። ወንበር ስቦ ተቀመጠና የሕዝብ መድረክ ላይ እንደሚያደርገው ሁለት መዳፉን ጉልበቱ ላይ አኖረ። "እውነቱን ልንገራችሁ" አለ። እውነቱን ሊናገር ሲል ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚቀመጠው።

"ያንን ጸሐፊ በርሜል ውስጥ ሲነክሩት ስቃችኋል፤ እኔም ስቄአለሁ። ደንስታን ግን ለንደን ድረስ አቤቱታ ሊያስገባ ነው፤ 'ምርጫው በረብሻ የተካሄደ ነውና ይፍረስ' ብሎ። ቢያስገባ ይፈርሳል፤ ጠበቃ ጠይቄአለሁ። ከዚያ ወንበሩ የቬርነን ነው። ደንስታን ሐሙስ መጥቶ አንድ ነገር ብቻ አለኝ፤ 'መዝገቡን እንደ ልማድህ አትመው፣ አቤቱታውን እተወዋለሁ' አለኝ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።"

"እና ሠላሳ አንድ ቤት ሰጠኸው" አለ ሳይለስ።

"ስማኝ! እኔ ለንደን ካልገባሁ የምስጢር ድምፅ ሕግን ማን ያወጣዋል? ቬርነን? ሠላሳ አንድ ቤት በአንድ በኩል፣ የመላው አገር ድሀ በሌላ በኩል። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?"

"እኔማ ማንም አልመረጠኝም። አንተን የመረጡህ እነሱ ናቸው! በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ነው ያለፍከው፤ ሠላሳ አንዱ እነሱ ናቸው! የተሸከመህን ጀርባ ነው የሰበርከው፣ አንተ ከሃዲ!"

ሳይለስ ይህን ጊዜ አንድ ነገር ከነከነው። ሰውዬው ወረቀቱ ገንዳ ውስጥ ሲደፈቅ እያየ አልተቆጣም፤ አሁንም እንኳ ወደ ገንዳው ዞር ብሎ አላየም።

"ለምንድን ነው ያልጮኽከው?" አለው። "ወረቀትህን ስናበላሽ ለምን አልጮኽክም?"

ሃሮፕ ካፖርቱ ላይ የሌለ አቧራ አራገፈ። "ደንስታን ትናንት ከሰዓት በኋላ መጥቶ ነበር" አለ። "አንዱን ሳይደርቅ ነው የወሰደው።"

እንግዲህ ሲደክሙ የቆዩት በከንቱ ነው። ስድስቱ ሰዎች እስከ ክርናቸው ጥቁር ውሃ እየተንጠባጠበባቸው ቆሙ። እነሱ ትናንት ከሰዓት በኋላ የት ነበሩ? ጥቁር በሬ። ሲዘፍኑ ነበር። ሳይለስ ራሱ ጠረጴዛ እየመታ ሲያጅብ ነበር። ሃሮፕ ቀኑን ሲመርጥ ያንን ያውቃል፤ የእነሱን ልማድ ከእነሱ በላይ ያውቀዋል፤ ከእነሱ ጋር ነዋ ያደገው።

"ወደ ድንጋዩ!" ብሎ ጮኸ ዊል ስፒንክ። "ወደ ድንጋዩ ይምጣ!"

"ድንጋዩ! ድንጋዩ!" አሉ ሌሎቹ።

ይህ የጸሎት ቤቱ ቅጣት ነው። የማይገባ ሥራ የሠራ ሰው ገጾቹ በሚታረሙበት ሰፊ ድንጋይ ላይ በሆዱ ይተኛል፤ አባት በሳንቃ መቀመጫው ላይ አሥራ አንድ ጊዜ ይመታዋል። ጌታም ቢሆን ሙያውን ተምሮ ያደገ ከሆነ ስሙ ከማኅበሩ አይፋቅም። ግን ጌታ የሆነ ሰው ድንጋዩ ላይ ሲተኛ በዚያ ቤት ያየ የለም። እንኳንስ የሕዝብ እንደራሴ።

ሃሮፕ ተነሣ። ሁሉም ይሸሻል ብለው በሩን ዘጉ። እሱ ግን አዲሱን ካፖርት አወለቀና አጣጥፎ ለዊል አስያዘው።

"ጸሎት ቤት አይሳሳትም" አለ። "አጥፍቻለሁ። ልጆች፣ እኔ ከእናንተ አልበልጥም።" ወደ ድንጋዩ ሄዶ በሆዱ ተኛ፤ አገጩን በክንዱ ላይ አሳርፎ ቀና አለ። "ብቻ ሳይለስ፣ ቀኝ በኩል ቀስ በል፤ ነገ ለንደን ድረስ ባቡር ላይ የምቀመጠው በሱ ነው።"

ሳቅ ፈነዳ። ዊል ስፒንክ ካፖርቱን እንደያዘ በሳቅ ተንፈራፈረ። አንዱ ለቃሚ፣ "አይ ሃሮፕ! ወንድ ነው እኮ!" አለ፤ የራሱን አጎት የለቀመው ሰውዬ ነው እንዲህ የሚለው። ሳንቃውን አምጥተው ሳይለስ እጅ ላይ አኖሩለት። ከአንድ ደቂቃ በፊት ሊገድሉት የደረሱ ሰዎች አሁን እንደ በዓል ክብ ሠርተው ቆመዋል።

ሳይለስ ሳንቃውን ከፍ አደረገ። መምታት እንዴት ፈለገ! ክንዱ፣ ጥርሱ፣ የሆድ ዕቃው ሁሉ ፈለገው። ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመውን ኃይል አንድ ላይ ሊያሳርፍበት ነው።

ድንገት ግን የራሱ ጊዜ ትዝ አለው። የዛሬ ሃያ አምስት ዓመት፣ ሃሮፕ ራሱ አባት በነበረ ጊዜ፣ ሳይለስ የሠራውን ጥፋት በሌላ ሰው ላይ በመለጠፉ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተኝቶ አሥራ አንዱን ቀምሷል። አልቅሶ ነበር። ከዚያ ሁሉም አቅፈው ቢራ አጠጡት፤ ከዚያች ቀን ወዲህ ያንን ጥፋት አንድም ሰው አንሥቶበት አያውቅም። ሕጉ ነው። የተመታ ሰው ነጽቷል። ነገሩን በቤት ውስጥም ሆነ በውጭ ዳግመኛ ያነሣ ሰው ራሱ ድንጋዩ ላይ ይተኛል። ያ ሕግ ለሳይለስ ደግ ሆኖለት ነበር።

ሃሮፕ ይህን ያውቃል። ለዚህ ነው የተኛው። አሥራ አንድ ሳንቃ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ የመቀመጫ ሕመም፤ ከዚያ ስድስት አፍ ለዘላለም ተለጉሞ፣ እሱ ንጹሕ ሰው ሆኖ ባቡር ሊሳፈር።

ሳይለስ ሳንቃውን ዝቅ አደረገ።

"ተነሥ፣ ሴፕ።"

"ምታ እንጂ አባት!" አሉት።

"አልመታም። ተነሥ።"

ሃሮፕ አንገቱን አዙሮ አየው። ሳቁ አሁንም ከንፈሩ ላይ አለ፤ ዓይኑ ላይ ግን የለም። "ሳይለስ፣ ሕግ ነው። አጥፍቻለሁ ብያለሁ።"

"ሳንቃ ለእኛ ሰው ነው፤ ሰክሮ ላረፈደ፣ ቀለም ለደፋ። አንተ ተመትተህ ኔድ ቤቱን ሲለቅ፣ እኔ ምን ልበለው? 'ነገሩ አልቋል፣ ቢራ ጠጥተንበታል' ልበለው?" ሳይለስ ወደ ሌሎቹ ዞረ። "ምን ያስቃችኋል? ሞኞች! በአንድ ቀልድ ገዛችሁ እኮ! እንደዚሁ አይደል ዳሱ ላይ የገዛን?"

ዊል ስፒንክ ካፖርቱን ቀስ ብሎ መሬት ላይ ለቀቀው።

"እንደ አባት እፈርዳለሁ" አለ ሳይለስ። "ሴፕቲመስ ሃሮፕ አይመታም። ዛሬም አይመታም፣ ሲሞትም አይመታም። ያልተመታ ሰው ነገር አያልቅም። በየሄደበት እናነሣበታለን።"

ሃሮፕ ከድንጋዩ ላይ ወረደ። ሸሚዙ ከፊት ለፊቱ የድንጋዩን ቀለም ይዟል። በዚያች ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ቀጥሎ ደም ለበሰ።

"ውጡ!" ብሎ ጮኸ። "ሁላችሁም ከቤቴ ውጡ! ትራባላችሁ! አንተ ሳይለስ፣ በእኔ እንጀራ ነው ሰው የሆንከው!"

ሽርጣቸውን ፈትተው፣ ፊደል የሚለቅሙበትን መያዣቸውን ኪሳቸው ከተው ወጡ። መያዣው የለቃሚው የራሱ ንብረት ነው፤ ሌላ የሚወስዱት አልነበረም።

ሳይለስ በቀጥታ ወደ ታችኛው መንደር ወረደ። ኔድ ደጃፉ ላይ ጫማ ይጠርባል። ሳይለስ ሳይቀመጥ ሁሉንም ነገረው፤ ማውጫውን፣ ሰኞን፣ ደንስታንን። ኔድ መጥረቢያውን አላስቀመጠም፤ እንጨቱን እያገላበጠ ሰማ። ማርታ ግን ከውስጥ ወጥታ መጣችና ወንድሟን በጥፊ አጮለችው።

"'እመሰክርለታለሁ' አልክ!" አለችው። "እሱማ ፖለቲከኛ ነው፣ ሥራው ነው! አንተን ነው ያመነው ይሄ ሞኝ! አንተን!"

"አውቃለሁ" አለ ሳይለስ።

"ምኑን ነው የምታውቀው? አራት ልጅ ይዤ የት ልግባ?"

"እኔ ቤት።"

"ሁለት ክፍል ናት ያለችህ!"

"ሁለት ክፍል ናት" አለ ሳይለስ።

የዓመቱ የቤት ኪራይ በሚያልቅበት በመስከረም ሚካኤል ሃያ ዘጠኝ አባወራ ተባረረ። ሁለቱ ደንስታን እግር ላይ ወድቀው ምሕረት አገኙ። ኔድ እግር ላይ አልወደቀም፤ ለምን ብትሉት "ጉልበቴ እምቢ አለኝ" ከማለት በቀር አልተናገረም። ጎመኗን ሳይነቅሉ ወጡ። ሳይለስ ማዶ ክራግ ዘንድ ሥራ አገኘ፤ ዕድሜውን ሙሉ የሰደበውን የቬርነንን ወገን ማስታወቂያ እየለቀመ ጥርሱን ይነክሳል። ዊል ስፒንክም እዚያው ገባ።

በየካቲት፣ በአንድ ሰኞ ቀትር፣ ጥቁር በሬ ውስጥ ተሰብስበው ሳለ የለንደን ጋዜጣ መጣ። ዊል እንደ ልማዱ ወንበር ላይ ቆሞ ጮክ ብሎ ማንበብ ጀመረ። መሐል ላይ ሲደርስ ማንበቡን አቋረጠ።

"ምንድን ነው?" አለ ሳይለስ።

"የእኛ ሰውዬ ነው። ምክር ቤት ተናግሯል።"

"አንብበው።"

ዊል አነበበ፦ "'ክቡራን ሆይ፣ የምስጢር ድምፅ አያስፈልግም የሚል ሰው ካለ ወደ እኔ ከተማ ይምጣ! ሃያ ዘጠኝ አባወራ፣ ድምፁ በመታወቁ ብቻ፣ ከነልጆቹ ከቤቱ ተጥሏል። ምድጃቸው ቀዝቅዟል። የእነዚያን ልጆች እንባ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ!' ከዚህ ላይ 'ረጅም ጭብጨባ' ይላል።"

"እንባቸውን አየሁ አለ?" አለ አንዱ። "ሚካኤል ለት እኮ ለንደን ነበር!"

"ማን እንዳተመውስ ተናግሯል?" አለ ሳይለስ።

ዊል ዓይኑን በዓምዱ ላይ አወረደ። "አልተናገረም። 'ክፉ እጅ' ነው የሚለው።"

ኔድ ከጥጉ ተቀምጧል፤ ቢራው ገና ከአፉ አልደረሰም። "ስማችንን ጠርቷል?" አለ።

ዊል ጎንበስ ብሎ ፈለገ። ሲያገኘው ማንበብ አልፈለገም፤ ሳይለስ በዓይኑ ጎተጎተው። "'ስማቸውን' ይላል፣ 'ለገዛ ደኅንነታቸው ስል፣ በዚህ ቦታ መጥራት አልፈቅድም።' ጭብጨባ።"

ሳይለስ ብርጭቆውን ገፍቶ ብድግ አለ። "ብንመታው ኖሮ ዛሬ ይህን ሰምተን አፋችንን መዝጋት ነበር ዕጣችን" አለ። "አልመታነውም! እኔ እናገራለሁ። እዚህ የተቀመጠ ነጋዴ ሁሉ፣ መንገደኛ ሁሉ ይስማ፤ ከመጀመሪያው..."

"ተቀመጥ" አለ ኔድ።

"ኔድ፣ እኔ..."

"ተቀመጥ አልኩህ! ያንተን አፍ አምኜ ነው እዚህ የደረስኩት።"

ሳይለስ ተቀመጠ። ኔድ ክላፍ በሕይወቱ ከጥቂት ቃል በላይ በአደባባይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው ነው። ዊልን በትከሻው ገፋ አድርጎ ከወንበሩ አስወረደውና እሱ ወጣበት። ባርኔጣውን አወለቀ፤ ልክ ያን ቀን ዳሱ ላይ እንዳወለቀው።

"ኔድ ክላፍ" አለ። ድምፁ መጀመሪያ ቀጠነ፤ ከዚያ ወፈረ። "የእንጨት ጫማ ሠሪ። የታችኛው መንደር የነበርኩ፣ አሁን የሚስቴ ወንድም ቤት የምተኛ። ድምፄን ለሴፕቲመስ ሃሮፕ ሰጥቻለሁ። ስሜን ለሎርዱ ያተመው ሴፕቲመስ ሃሮፕ ነው።" ዙሪያውን አየ። "ደኅንነቴን እሱ አይጠብቅልኝ። የቀረኝ የለም።"

ወርዶ ቦታው ተቀመጠ። ጥቁር በሬ ውስጥ ማንም አላጨበጨበም።